ዓመቱ እያለቀ ነው፣ የራሴ አጻጻፍ የት ሄደ?

የከዚራ ጥላ፦
ሰላም ለቤቱ። ድሬ ነው ያለሁት፣ አጫጭር ልቦለድና ወግ እጽፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይም ትንሽዬ ቻናል አለችኝ። ጳጉሜ መድረሷ ነው ብዬ የዓመቱን ስራ ሁሉ ከመስከረም ጀምሬ ቁጭ ብዬ ሳነበው አቦ የመጀመሪያውና የሰሞኑ የአንድ ሰው ጽሑፍ አይመስልም። የመስከረሙ ላይ ቀፊራ ገበያ አለ፣ ሴትየዋ ቲማቲም እየመረጠች በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ነጋዴዋ አልቀንስም ስትላት ደግሞ በሶማልኛ ትመርቃታለች (ምርቃት ነው ካላችሁት)፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው ትንፋሽ ያሳጥራል ግን የኔ ነው። የሰሞኑ ደግሞ «ዝናቡ ይዘንባል። እሷ ዝም ብላለች። ልቧ ግን ይጮሃል።» ዓይነት ነገር። ላይኩ ጨምሯል፣ አልዋሽም። ግን የከፈትኩት ቻናል ሁሉ ላይ ይሄንኑ ነው የማነበው፣ ስሜን ብታነሱለት ማን እንደጻፈው እኔም አልለየውም።

ሌላው ደግሞ፣ አንድ ቦታ ታሪክ ልኬ ሲያወጡልኝ ልጅየው አያቱን «አንቺ» የሚልበትን ሁሉ «እርስዎ» አድርገውት አገኘሁት። እዚህ አገር አያቱን እርስዎ የሚል ልጅ ወይ ታሟል ወይ ብር ፈልጓል። ሳይጠይቁኝ ነው የቀየሩት። ከዛ ወዲህ ስጽፍ እጄ ራሱ እየቀደመ ያስተካክላል፣ ከመቀየራቸውም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

እና ዓመት ሲያልቅ ስራችሁን የምታዩ ሰዎች እንዴት ነው የምታዩት? የአዲስ ዓመት እቅድ ምናምን አይደለም የፈለግኩት፣ የራስን ድምፅ ላለማጣት ማለቴ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
ቲክቶኩንም ቴሌግራሙንም ለተወሰነ ጊዜ ዝጊው በቃ። ሌላ ምንም መፍትሄ የለውም።

ሆጃ በወተት፦
ሐረር የዓመቱ ነገር ጅብ ነው የሚጠየቀው። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፣ አበላሉ ታይቶ መጪው ዓመት ይገመታል። አንቺም ጽሑፍሽን ወስደሽ አንብቢለት፣ ተነስቶ ከሄደ ታውቂዋለሽ ኪኪኪ

ጁገል ውስጥ፦
ሆጃ አንተ ደግሞ 😂

የከዚራ ጥላ፣ መዝጋቱ ብቻ አይበቃም እህቴ፣ እኔ ዘግቼ አይቼዋለሁ፣ ተመልሰሽ ስትከፍቺው ያው ነው። ሐረር ነኝ፣ ግጥም እጽፋለሁ ስፌትም እሰፋለሁ። የኔ ዓመት ጳጉሜ ላይ አያልቅም፣ ከሸዋሊድ በኋላ ነው (ያው በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው የሐረሪ በዓል)፣ ከተማው ጨፍሮ ጨፍሮ ሲደክመውና እንግዳ ሲሸኝ ቤቱ ፋታ ያገኛል፣ ያኔ ደብተሬን አወጣለሁ። አንቺ ጳጉሜ ላይ አድርጊው፣ አምስትም ሆነች ስድስት ቀን ትበቃለች፣ ዋናው ሌላ ስራ የማይቀማሽ የታወቀ ጊዜ መሆኑ ነው።

ሳነብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልም፣ እሱን ካልኩ የሚታየኝ ሰው የወደደልኝ ነገር ብቻ ነው። እርሳስ ይዤ በየመስመሩ ይሄን ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር ወይ እላለሁ። ይችል ከነበረ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፣ አላጠፋውም። ከኔ በቀር ማንም አይጽፈውም ያልኩት ስር አሰምራለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተሰመረበትን ብቻ ወደ ሌላ ደብተር እገለብጣለሁ። አንዳንድ ዓመት አንድ ገጽ አይሞላም፣ ወላሂ ያስደነግጣል። ግን ያቺ ገጽ ብዙ ትናገራለች። ለምሳሌ እኔ ሁሌ የሚሰመርብኝ ስለ እጅ ስጽፍ ነው፣ አለላ የነከረ ጣት፣ ሊጥ የያዘ ክንድ፣ ሳንቲም የሚቆጥር አውራ ጣት። ስለ ዓይንና ስለ ፊት ስጽፍ እንደማንኛውም ሰው ነኝ። ይሄን ሰው አልነገረኝም፣ ኮመንት ላይ ማንም ብሎኝ አያውቅም፣ እንደውም ሼር የሚደረግልኝ የዓይኑ ግጥም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት አይታ ማን እንደሰፋው ትናገር ነበር። ጌጡ እኮ ከጥንት የመጣ ነው፣ ሁሉም የሚሰፋው ያንኑ ነው። እሷ የምትለየው ከአጠባበቁ ነበር፣ ወስፌው የት ላይ እንደላላ፣ ቀለሙ የት ጋ እንደተቀየረ። ስለዚህ ማንም ያላለውን ልበል ብለሽ አትጨነቂ።

ታዛቢው፦
እኔ ይሄ ድምፅን መጠበቅ የሚባለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም። ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ቢከብደው እታች ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ፈረንሳዩም ግሪኩም አርመኑም የመኑም ህንዱም ይዞ የመጣውን አራግፎባታል። ከዚራ ብትሄጂ ቀጥ ያለ መንገድ ከነዛፉ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ብትገቢ ሌላ ዓለም። የቱ ነው የድሬ ድምፅ? ሁሉም የተበደረ ነው። ደግሞ የመስከረሙ ጽሑፍሽም ያኔ ስታነቢው ከነበረ ሰው የተቀዳ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ጊዜ ስላለፈውና ከማን እንደወሰድሽው ስለረሳሽ የራስሽ መሰለሽ። የሰሞኑንም የዛሬ ሁለት ዓመት ብታነቢው ትወጂው ይሆናል። እኔ ብሆን ዓመቱን በመገምገም ጊዜ አላጠፋም፣ እጽፋለሁ፣ ሲሰለቸኝ ሌላ እጽፋለሁ።

ጁገል ውስጥ፦
መበደሩን ማን ከለከለ ወንድሜ፣ ግን የድሬ ልጅ ሁለት ቃል ሲናገር አዲስ አበባ ላይ ይታወቅ የለ? ተበድሮ የራስ ማድረግ አለ፣ ተበድሮ መጥፋትም አለ። የመስከረሙም የተቀዳ ሊሆን ይችላል ያልከው ግን ልክ ነህ፣ እሱን አልክድም። ለዛ ነው አንድ ዓመት ብቻ ማየት የማይበቃው፣ የተሰመረባቸውን የሦስት የአራት ዓመት ገጾች ስታስተያይ ደጋግሞ የሚመጣው ነገር ያንተ ነው፣ አንዴ መጥቶ የጠፋው የእንግዳ ነው።

ደቻቱ ዳር፦
ልጄ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ አንባቢ ነኝ፣ ያቺን ዝናብ ሳነብ ግን ማለፍ አቃተኝ። «ዝናቡ ይዘንባል፣ እሷ ዝም ብላለች» ስትዪ ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ ስትተክዝ ነው የምትታየኝ። ድሬ ላይ በዝናብ ማን ይተክዛል? እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል፣ አንቺ ጠብታ ሳታዪ። በ1998 ክረምት በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ስንቱን ሰው ስንቱን ቤት ይዞ እንደሄደ እኛ ሰፈር ያላየ የለም። ከዛ ወዲህ ወደ ደንገጎ በኩል ሲያጉረመርም ሰው ይደዋወላል፣ አሸዋው ላይ የሚነግደው እቃውን ይሰበስባል፣ ልጅ ይጠራል። እንዲሁ ደስ ብሎን የምንቀበለው ዝናብ ቢኖር የጳጉሜ 3 የሩፋኤል ነው፣ እሱንም ልጆቹ ናቸው የሚታጠቡበት።

ዝናብ አትጻፊ ማለቴ አይደለም። ያ ዝናብ ግን ያንቺ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ቤት የመጣ ነው። ዓመቱን ስታዪ ዓረፍተ ነገሩ አጠረ ረዘመ እያልሽ ብዙ ከምትደክሚ እቃዎቹን እያቸው፣ ዝናቡን፣ መስኮቱን፣ ሻማውን፣ የቡና ስኒውን። እያንዳንዱን አንቺን የት አውቅሻለሁ በይው። መልስ የሌለው እሱ ነው የተጫነብሽ። ታዛቢው መበደር ያልከውን እቀበላለሁ፣ ግን ሰው ሳያየው ያየ መምሰል መበደር አይባልም።

የከዚራ ጥላ፦
ጋሼ ምን ልበልዎት። (ይኸው አሁንም እርስዎ አልኩ፣ ግን አንተ ብልህ እዚህ ያሉት የሌላ አገር ልጆች ይሰድቡኛል ኪኪኪ።) እናቴ እስካሁን ደመና ካየች ከአልጋ ስር ያለውን ሻንጣ አውጥታ ቁምሳጥን ላይ ትሰቅላለች፣ ውስጡ የቤቱ ካርታና የሁላችን የልደት ፎቶ ነው ያለው፣ ደመናው ሲበተን ምንም ሳትናገር ታወርደዋለች። ይሄን በየክረምቱ አያለሁ። አንድም ጽሑፌ ውስጥ የለም።

ታዛቢው፣ አንተ ያልከው ትንሽ አስፈራኝ ግን መልካም ነው፣ የመስከረሙንም በእርሳስ ላየው ነው።

ሆጃ በወተት፦
አሁን ከምሬ ነው። ቻትጂፒቲ ላይ «አስተካክልልኝ» ብለሽ የምትሰጪው ነገር አለ? እኔ የማስታወቂያ ጽሑፍ ስለምሰራ አንዳንዴ እሰጠዋለሁ፣ ፊደል ግድፈት ያወጣልኛል፣ ግን አብሮ ቀልዱንም ያወጣዋል። ረጅሙን ይቆርጠዋል፣ የተደጋገመውን አንድ ያደርገዋል፣ የሰፈር ቃል ካየ በመጽሐፍ ቃል ይተካዋል፣ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዜና አንባቢ ሆኖ ነው የሚወራው። ስለዚህ ማሽንም ይሁን ሰው ከመንካቱ በፊት የመጀመሪያውን ረቂቅ ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ፣ ቀን ጽፈሽበት። ጳጉሜ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና የወጣውን ብቻ አንብቢ። የወጣው ሁሉ ጥሩ ነው አልልሽም፣ አንዳንዱ በእውነት ቆሻሻ ነው፣ ግን ምን እየተወሰደብሽ እንደሆነ ያሳይሻል።

የከዚራ ጥላ፦
ማሽን አልሰጥም ግን ያ አያቱን እርስዎ ያሉብኝ ታሪክ ረቂቁ ስልኬ ላይ ነበረ፣ አሁን ጎን ለጎን አየሁት። እርስዎው ትንሹ ነው ለካ። ልጅየው ጠዋት ፈጢራ ከማር ጋር ይበላ ነበር፣ «ቁርሱን በላ» ሆኗል። ባጃጁ ውስጥ ሾፌሩና ተሳፋሪዋ ስለ ሙቀቱ የሚጨቃጨቁበት ሙሉ አንቀጽ የለም። «ለገሃር» የነበረው «ባቡር ጣቢያው» ሆኗል። አንድ ቦታ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እኔ አራት መስመር የፈጀሁበትን በአንድ መስመር ጨርሰውታል፣ የነሱ ይሻላል፣ እሱን አመሰግናለሁ።

አሁን ሌላ ታሪክ ልልክላቸው ነበር፣ የእናቴን ሻንጣ ጽፌ። ንግግሩን አትንኩብኝ ብዬ ብጽፍላቸው ይቀየማሉ እንዴ? ጀማሪ ነሽ ጠገብሽ እንዳይሉኝ ነው።

ጁገል ውስጥ፦
ለምን ይቀየማሉ፣ ጻፊላቸው። እኔ ሁሌ ከላይ አንድ መስመር አደርጋለሁ፦ «ንግግር ውስጥ ያለው አማርኛ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው፣ መቀየር ካለበት እባካችሁ አስቀድማችሁ ደውሉልኝ» ብዬ፣ ስልኬንም እጽፋለሁ። አንዳንዶቹ ይደውላሉ፣ አንዳንዶቹ ሳያዩት ያልፉታል። የደወሉት ጋር ተከራክሬ የተሸነፍኩበትም ጊዜ አለ፣ ልክ ከሆኑ ምን አለበት። ባጃጁን ግን እንዳትሰጪ።