በአበባው ወቅት ውሻዬን ከንቦች እንዴት ላርቀው?

የምንኖረው ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ሲሆን፣ በጓሯችን ባሉት ሁለት ትልልቅ ዋንዛዎች ላይ የአባቴ ባህላዊ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ክረምቱ ወጥቶ ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያፈካ ጓሮው እጅግ ያምራል፤ የሁለት ዓመቱ ውሻዬ ቡቺም ከዛፎቹ ጥላ ሥር እየተኛ፣ በረገፈው አበባ ላይ የሚያርፉትን ንቦች በአፉ ለመያዝ ይሞክራል። ሰሞኑን አፍንጫውንና ከንፈሩን ነድፈውት ፊቱ ስላበጠ ምግብ ሳይቀምስ አደረ። መንደፊያዎቹን በጥፍሬ ፍቄ አውጥቼ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ስይዝለት እብጠቱ በማግስቱ ቀነሰ፤ እርሱ ግን ወደዚያው ተመለሰ።

ንብ ስትናደፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ፣ ታስሮ ሳለ ቢወርሩት ሸሽቶ ማምለጥ አይችልም ብዬ እሰጋለሁ። ቤት ስዘጋበት ያለማቋረጥ ያላዝናል፤ በዛፎቹ ዙሪያ የሠራሁትን የእሾህ አጥርም ሾልኮ ያልፈዋል። ቀፎዎቹን ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ደግሞ ቀሳሚዎቹ ወደ ለመዱት ቦታ ስለሚመለሱ አያዋጣም፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማርም የቤተሰቡ ዋና ገቢ ነው። በአቅራቢያችን ያሉት የእንስሳት ሐኪም ለከብት እንጂ ለውሻ የሚሆን መድኃኒት የላቸውም። ደጋግሞ የተነደፈ እንስሳ ሰውነቱ ለመርዙ ይበልጥ ሊቆጣ ስለሚችል፣ የሚቀጥለው ንድፊያ ትንፋሹን እንዳያሳጥረው በጣም ፈርቻለሁ።

ውሻ እና ቀፎ በአንድ ግቢ ያላችሁ ሰዎች፣ ውሻውን ሳላስር፣ ቀፎዎቹንም ሳላነሣ አበባው እስኪያልፍ ከዛፎቹ ሥር ሊያርቅልኝ የሚችል፣ በተግባር ሞክራችሁ የሠራላችሁ ዘዴ ምንድን ነው?