ጥቆማ፦ በማስተር ፕላን በተሠራ መንደር ቤት ልንገዛ ነው፤ ከአልሚው አዲሱ ይሻላል ወይስ የተኖረበት?

ሁለት ቁልፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ አንድ አልሚ ከመንገዱ እስከ መናፈሻው አቅዶ የሚሠራው መንደር ውስጥ ቤት ልንገዛ ነው። መንደሩን ወደነዋል። ያምታታን ቤቱ ነው። አንዱ አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ገና እየተሠራ ያለ፣ ከአልሚው የሚሸጥ። ሌላው የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ሰው 12 ዓመት የኖረበት። ስፋታቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ትመክሩናላችሁ? ደግሞ ለአዲስ ቤት የቤት መርማሪ መቅጠር ያስፈልጋል? የሽያጭ ሠራተኛዋ "አዲስ ቤት ምኑ ይመረመራል" አለችን።

የጥግ ቤት፦
አዲሱን ውሰዱ፣ አታስቡ። እኔ ከአልሚው ከገዛሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን አልቆጨኝም። የተኖረበት ቤት ስትገዙ የሰው ጣጣ አብራችሁ ነው የምትገዙት።

ዝናብ ያየ፦
የጥግ ቤት፣ እንኳን ደስ አለህ። የእኔ ግን ሌላ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አዲስ ቤት ገዛን። ርክክቡ በበጋ ነበር፤ ሁሉም ነገር ያምራል። ከጓሯችን በላይ ያለው መሬት ባዶ ነበር። በዓመቱ አራተኛውን ምዕራፍ ሊጀምሩ አፈር እያመጡ ደለደሉት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከዚያ ሁሉ አፈር ላይ ወርዶ ቤታችን ገባ። ታችኛው ክፍል ቁርጭምጭሚት ድረስ ሞላ። የእናቴ የፎቶ አልበም እዚያ ነበር፤ አንድም ፎቶ አልተረፈም።

አልሚው ጋ ስደውል "ተቋራጩን ጠይቂ" ይሉኛል። ተቋራጩ "የነዋሪዎች ማኅበሩ ነው" ይላል። ማኅበሩን ደግሞ የሚመሩት ራሱ አልሚው የሾማቸው ሰዎች ናቸው። ተከሳሽም ዳኛም አንድ ሆነብኝ። 14 ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ዘጠኝ አባወራ ተሰብስበን መሐንዲስ ቀጠርንና በጽሑፍ አስገደድናቸው። ቦይ ተቆፈረ። አሁን ደህና ነው፤ ዝናብ ሲያጉረመርም ግን እስካሁን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጓሮዬ፦
ውይ እህቴ፣ አይዞሽ! የእኛም ጓሮ ውሃ ይይዛል። ሣሩ ለሦስት ለአራት ቀን እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ይሄ ያሳስባል እንዴ?

ዝናብ ያየ፦
ያሳስባል። ዛሬውኑ ፎቶ ማንሳት ጀምሪ።

የጥግ ቤት፦
ሁሉም አልሚ አንድ አይደለም። የእኔ እንዲህ አያደርግም። ጣሪያዬ ሁለት ጊዜ አፈሰሰ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ መጥተው ጠገኑልኝ። አገልግሎት ማለት ይሄ ነው።

ጸጥ ያለ መንገድ፦
በስድስት ዓመት ሁለቴ ያፈሰሰ ጣሪያ ምስጋና ካስገኘላቸው፣ ሦስተኛ ቢያፈስ ሐውልት ልታቆምላቸው ነው።

የጥግ ቤት፦
ችግር የሌለበት ቤት አሳየኝና ልመን። እኔ የምለው ስጠራቸው ይመጣሉ ነው። ዛሬም ቢሆን ከእነሱ ነው የምገዛው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ለምን መጀመሪያ አትከራዩም? አንድ ዓመት ኑሩበትና እዩት። እኛ ስንገዛ ካርታው ላይ ትምህርት ቤት ተስሎ ነበር። ልጆቼ አደጉ፣ ቦታው እስካሁን ሜዳ ነው። መናፈሻው ግን እውነት ያምራል። በጠዋት ከመንደሩ ለመውጣት ያለው የመኪና ሰልፍም ሌላ ጣጣ ነው፤ መውጫው አንድ ብቻ ነው።

የድሮ ካርታ፦
ካርታ ላይ የተሳለ ሁሉ አይሠራም፣ ይሄ የቆየ ነገር ነው። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራድበርን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1929 ሰው መግባት ጀመረባት። የእግረኛውን መንገድ ከመኪናው ለይተው፣ ቤቶቹን በመናፈሻ ዙሪያ አድርገው ነበር ያቀዷት። ወዲያው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ከታሰበው ጥቂቱ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። በሌላ በኩል ሜሪላንድ ያለችው ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምራ ትልቅ ከተማ ወጥቷታል። እዚያ የፖስታ ሳጥኖቹን ሆን ብለው በአንድ ቦታ ሰበሰቧቸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲገናኝ።

ጸጥ ያለ መንገድ፦
ይሄ ከተጠየቀው ጋር ምን አገናኘው?

የድሮ ካርታ፦
አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሚገዛ ሰው ግማሹን ተስፋ ነው የሚገዛው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለው ግን የተሠራውን በዓይኑ ያያል። የራድበርን ሰዎች እንኳ የተሠራላቸውን ክፍል እስከ ዛሬ ይወዱታል። ያለውን አይታችሁ ግዙ ለማለት ነው።

ውሃ ልክ፦
ቤት መመርመር ሥራዬ ነው፣ ስለ መርማሪው የተጠየቀውን እኔ ልመልስ። አዎ፣ አዲስ ቤትም ይመረመራል። ኮንክሪት ሳይሞላ አንዴ። ሽቦውና ቧንቧው ከገባ በኋላ፣ ግድግዳው ሳይዘጋ አንዴ፤ ከሁሉም ይሄኛው ይበልጣል፣ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም። ከርክክብ በፊት አንዴ። ዋስትናው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ደግሞ ሌላ ጊዜ፤ ያኔ የሚገኘውን ስንጥቅ አልሚው ነው የሚጠግነው። ግንባታው መሃል ላይ መግባት እንደምትችሉ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ አስገቡ። በኋላ "አይቻልም" የሚሉ አሉ።

መሬቱን እዩ። ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ የተለመደው ልክ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ ነው። ረጅም ጣውላና ውሃ ልክ ከያዛችሁ ራሳችሁ ትለኩታላችሁ። የተኖረበትን ቤት በዝናብ ማግስት እዩት፣ የጣሪያውን ዕድሜም ጠይቁ። ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ደመወዟን የሚከፍላት ግን አልሚው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የማኅበራችን ሂሳብ ያዥ ነበርኩ። ሁለታችሁም ቤቱን እንጂ ማኅበሩን አላያችሁም። የሦስት ዓመት ሂሳብና ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። አዲስ ምዕራፍ ላይ መዋጮው ዝቅ ብሎ የሚጀምረው አልሚው ለመሸጥ ስለሚፈልግ ነው። ማኅበሩ ለነዋሪው ሲተላለፍ መንገዱም፣ የመዋኛ ገንዳውም፣ የዝናብ ውሃ ማቆሪያው ኩሬም የእናንተ ዕዳ ይሆናል። መጠባበቂያ ገንዘብ ከሌለ አንድ ቀን ድንገት ተጨማሪ መዋጮ ይጣልባችኋል። እኛ ላይ ደርሷል፤ ጎረቤቶቼ ያለቀሱበት ስብሰባ ነበር። ደግሞ አልሚው አዲስ ቤት እየሸጠ ሳለ የእናንተን ልሽጥ ብትሉ ከእሱ ጋር ነው የምትወዳደሩት።

ሰማያዊ በር፦
ማኅበር ካነሳችሁ አይቀር፣ እኔ በሬን ሰማያዊ ቀብቼ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። በገዛ ቤቴ!

ጓሮዬ፦
እኛ ደግሞ ስለ አጥር። የልጄን ብስክሌት ደጅ አቆማችሁ ብለውም ጽፈውልናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰማያዊ በር፣ ደንቡን ከመግዛትህ በፊት ሰጥተውህ ነበር?

ሰማያዊ በር፦
ሰጥተውኛል። 80 ገጽ ነው፣ ማን ያነበዋል።

ሁለት ቁልፍ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዝናብ ያየ፣ የእናትሽ ፎቶ ነገር አሳዘነኝ። ቃለ ጉባኤውን ጠየቅን፣ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ መጣ። ኩሬው ይጠረግ የሚል ሐሳብ ሦስት ዓመት ሙሉ "ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ" እየተባለ ተሻግሯል። የ12 ዓመቱን ቤት ትናንት ዝናብ እንዳባራ ሄደን አየነው። ውሃ ልክ፣ ጋራዡ ወለል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ያሰጋል?

ውሃ ልክ፦
ከሁለቱ ጎን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካላለ ብዙ ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። በእጅሽ ዳብሺው። ከፍታ ልዩነት ከተሰማሽ መሐንዲስ ይየው።

የጥግ ቤት፦
አዲሱ ላይ ስንጥቅ አይኖርም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁለት ቁልፍ፣ የቱን ያዛችሁ በመጨረሻ?

ጓሮዬ፦
ዝናብ ያየ፣ ፎቶውን አንስቻለሁ። ለማን ነው የምልከው፣ ለአልሚው ወይስ ለማኅበሩ?

ዝናብ ያየ፦
ለሁለቱም፣ በአንድ ቀን፣ በጽሑፍ። ቅጂውን አስቀሪ። ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶችሽንም ዛሬ ማታ አንኳኪባቸው።