ጥቆማ፦ ለሁለት ኮምፒውተር አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ሆኜ ነው የምሠራው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕና የራሴ ዴስክቶፕ አሉኝ፤ ሁለቱም ዊንዶውስ ናቸው። ጠረጴዛዬ ጠባብ ናት። የዚህኛውን ማውስ ይዤ ያኛው ስክሪን ለምን አይንቀሳቀስም እያልኩ ስናደድ እውላለሁ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስ፣ ከተቻለም አንድ ሞኒተር እንዲበቃኝ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ብር ከማውጣትህ በፊት ነፃውን ሞክር። ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ የዊንዶውስ መገልገያ ውስጥ «ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ» የሚባል አለ። እስከ 4 ኮምፒውተር ያገናኛል። ቀስቱ ከአንዱ ስክሪን ጠርዝ ሲወጣ ሌላኛው ላይ ብቅ ይላል፤ ኪቦርዱም ይከተለዋል። እዚህ ኮፒ ያደረግከውን እዚያ ፔስት ታደርጋለህ። ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፓኬጅ አይበላብህም። ጣጣው መብራት ሲሄድ ነው። ዴስክቶፑን ዩፒኤስ ቢይዘው እንኳ ራውተሩ ከጠፋ ማውሱ አይሻገርም። ራውተሩንም ዩፒኤሱ ላይ ሰካው። (ማክ ያላችሁ ይህንኑ የሚሠራ ዩኒቨርሳል ኮንትሮል አብሯችሁ አለ። ሊኑክስ የቀላቀለ ዴስክፍሎውን ይሞክር።)

ሌላ መልስ፦ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ሶፍትዌር መጫን ይፈቀድልሃል? እኔ አልተፈቀደልኝም። ደግሞ ያ ሶፍትዌር ሞኒተር አያጋራም። ስለዚህ ለሁለት ኮምፒውተር የሚሆን ኬቪኤም ስዊች ገዛሁ፤ ኪቦርድ፣ ማውስና ሞኒተር ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚያዞር ሳጥን ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ሞኒተሩም፣ ኪቦርዱም፣ ማውሱም አብረው ይዞራሉ። ግን ተጠንቀቅ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ስፕሊተር ሸጦልኛል! እሱ የአንዱን ኮምፒውተር ምስል ለሁለት ሞኒተር የሚያካፍል ነው፤ ጭራሽ የተገላቢጦሽ። ተራው የኤችዲኤምአይ ስዊችም ምስል ብቻ ነው የሚቀይረው። ኪቦርድና ማውስ የሚሰካበት ዩኤስቢ ከሌለው ኬቪኤም አይደለም። ኬብሎቹ ካርቶኑ ውስጥ መኖራቸውንም እይ፤ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ የምስል፣ አንድ የዩኤስቢ ያስፈልጋል። ሞኒተርህ 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ከሆነ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ማደስ የሚችለውን ጠይቅ። በ30 ኸርዝ ቀስቱ እየተጎተተ ያስጠላል።

ጠያቂ፦ ሶፍትዌር መጫን ክልክል ነው። ሞኒተሬ ግን ሁለት ኤችዲኤምአይ አለው። ይረዳኛል?

መልስ፦ በደንብ! ሁለቱንም ኮምፒውተር ሞኒተሩ ላይ ሰክተህ ሎጊቴክ ኬ380 ዓይነት ኪቦርድና እንደሱ የሚቀያየር ማውስ ያዝ። ኪቦርዱ በብሉቱዝ 3 መሣሪያ ያስታውሳል፤ በአንድ ቁልፍ ትቀያይራለህ። ዴስክቶፕህ ብሉቱዝ ከሌለው ትንሿን የዩኤስቢ ብሉቱዝ ጨምርበት። ክፋቱ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ሞኒተሩን ለየብቻ መቀየርህ ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ ከሆነ ምንም አይል።

ጠያቂ፦ ኧረ እኔ በየአምስት ደቂቃው ነው! በቃ ኬቪኤሙ ይሻለኛል። ቅዳሜ መርካቶ ነኝ።

ሌላ መልስ፦ ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ፤ እዚያው አሰክተህ ሞክር። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው የሚለው።