ጥቆማ፦ ለቪኤም ጂፒዩ በቀጥታ ለመስጠት የቱ ይሻላል?

ሰላም ጓዶች። ቢሮ ላይ በአንድ ማሽን ሦስት አራት ቪኤም (በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ማስኬድ አስበናል። አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) በቀጥታ እንዲደርሰው እፈልጋለሁ። የቀሩት የደንበኛ ናቸው። ቪኤሞቹን ለማስኬድ ፕሮክስሞክስ ወይስ ኢኤስኤክስአይ? ሲፒዩው ውስጥ ያለው ጂፒዩ ይበቃል ወይስ ካርድ ልግዛ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ "የደንበኛ ናቸው" ያልካት ነገር ናት ሁሉን የምትወስነው። ለራስህ ብቻ ቢሆን ያለህን ተጠቀም እልህ ነበር።

ካርድ ግዛ። የኢንቴል ሲፒዩ ውስጥ ያለውን ጂፒዩ፣ ማሽኑን ከሌላ ሰው ጋር እየተጋራህ ለቪኤም መስጠት አልመክርም። አንድ መሣሪያ በዲኤምኤ (ሲፒዩውን ሳያስቸግር በራሱ) ራም ሲያነብ፣ በተለምዶ አዲሱ ቅጂ የሲፒዩው ካሽ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ እንዳለና እንደሌለ መጀመሪያ ይታያል፤ ስኑፕ የሚሉት እሱን ነው። መሣሪያዎቹ የሚሰኩበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ግን ስኑፑን መዝለልን ይፈቅዳል፣ ጂፒዩዎች ደግሞ ለፍጥነት ሲሉ ይወዱታል። አሁን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሌላ ቪኤም የነበረን የራም ገጽ በዜሮ ሞልቶ ለዊንዶውስህ ሰጠው እንበል፤ ዜሮው ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ራሙ ላይ ገና ካልወረደና ሆስቱም (ቪኤሞቹን የሚያስኬደው ዋናው ማሽን) ካሹን ወደ ራም ካላራገፈ፣ ካሹን የዘለለው መሣሪያ የሚያነበው ከታች ያለውን የድሮ ዳታ ነው። የደንበኛህ የይለፍ ቃል ቢሆንስ?

አይኦኤምኤምዩው (መሣሪያዎች የትኛውን ራም መንካት እንደሚችሉ የሚቆጣጠረው ሃርድዌር) ስኑፕን በግድ ማስደረግ ከቻለ ነገሩ አለቀ። የኤኤምዲ ይችላል። የኢንቴልም ለብቻው ለሚሰካ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ይችላል፣ ለውስጡ ጂፒዩ የተመደበው ክፍል ግን ብዙ ማሽኖች ላይ አይችልም። ሊኑክስ ሲነሳ በሚጽፈው መልእክት ውስጥ "ኤስሲ ሰፖርት ኢንኮንሲስተንት" የሚል ካየህ፣ አንዱ ክፍል ይችላል ሌላው አይችልም ማለት ነው። ፍጥነቱም ቢሆን አያዋጣም፤ ማስገደድ ካልተቻለ ኬቪኤም (ሊኑክስ ውስጥ ቪኤም የሚያስኬደው ክፍል) የጌስቱን፣ ማለትም የቪኤሙን፣ ደብሊውቢኢንቪዲ ትእዛዝ በእውነት ይፈጽምለታል። ያቺ ትእዛዝ ደግሞ ካሹን በሙሉ የምታራግፍ ናት፣ ስለዚህ ጎረቤት ቪኤሞችም አብረው ይጎተታሉ።

ኤንቪዲያ ጂፎርስ ብትገዛ አትስጋ። ያ የታወቀው ኤረር 43 ጣጣ (ድራይቨሩ ቪኤም ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ እምቢ የሚልበት) በ2021 በመጣው 465 ድራይቨር ቀርቷል።

ሶፍትዌሩ ላይ ፕሮክስሞክስ እላለሁ። ነፃ ነው፣ ከ6.8 ከርነል ወዲህ ደግሞ ኢንቴል ላይ አይኦኤምኤምዩውን በእጅ ማብራት ቀርቷል። ኢኤስኤክስአይ ጥሩ ነው፣ ግን ብሮድኮም ነፃውን በ2024 አቋርጦ በ2025 መልሶታል፤ እንዲህ በሚዋዥቅ ነገር ላይ ቢሮ አልመሠርትም። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር ቪ ዊንዶውስ ሰርቨር ካለህ ብቻ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ዲዲኤ (መሣሪያን ለቪኤም በቀጥታ መስጫው) የለም።

ያገለገለ ወርክስቴሽን የምትገዛ ከሆነ ብር ከመክፈልህ በፊት ባለሱቁ ባዮሱን ከፍቶ ቪቲ ዲ (የኢንቴሉ አይኦኤምኤምዩ) መኖሩን ያሳይህ። ኤኤምዲ ከሆነ አይኦኤምኤምዩ የሚለውን ፈልግ። ከቻልክ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ይዘህ ሂድና ጂፒዩው ከየትኞቹ መሣሪያዎች ጋር አንድ ግሩፕ (አይኦኤምኤምዩው ለያይቶ ሊያጥራቸው የማይችል ስብስብ) ውስጥ እንደገባ እይ። ከዲስክ መቆጣጠሪያው ጋር ከተጠቃለለ ሌላ ማሽን ፈልግ። ኤሲኤስ ኦቨርራይድ የሚባለውን የከርነል ማስተካከያ ተጠቀም የሚሉህን አትስማ፤ ግሩፑን በወረቀት ላይ ይለያየዋል እንጂ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አያግድም።

ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ። ኔትወርክ ካርዱንስ ልስጠው? ራምስ?

መልስ፦

አንድ ጊጋቢት ከሆነ ተወው፣ ቪርቲዮ (የቪኤሙ ምናባዊ ኔትወርክ ካርድ) ይበቃል። ራሙን በደንብ ግዛ፤ መሣሪያ በቀጥታ የተሰጠው ቪኤም የተመደበለት ራም በሙሉ ይቆለፋል፣ ባሉኒንግ (ያልተጠቀመበትን ራም መልሶ መውሰድ) አይሠራም። ለዊንዶውሱ 1 ጊጋባይት ሂዩጅ ፔጅ (ትልልቅ የራም ገጽ) ብትሰጠው የአድራሻ ትርጉሙ ይቀለዋል። "አይኦኤምኤምዩ ፒቲ" የሚለውን ቅንብር ብታበራ የቪኤሙ አጥር አይነካም፣ የሆስቱ የራሱ መሣሪያዎች ግን ያለ አጥር ይሠራሉ፤ ስለዚህ የማታውቀውን ካርድ ሆስቱ ላይ አትሰካ።