ልጄ «አክስቴ» ትለኛለች

በ2005 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ልጄን ደሴ ለእናቴ ትቼ ሪያድ ሄድኩ። እዚያ የሰው ልጆች ሦስት አሳደግሁ፤ በረመዳን ቤቱ እስከ ንጋት ስለማይተኛ እኔም አልተኛም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ተመለስኩ። ልጄ አሁን 14 ዓመቷ ነው።

ያለኝ ትንሽ የባንክ ተቀማጭ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪናና ሆጤ አካባቢ የሦስት ወር ኪራይ አስቀድሜ የከፈልኩበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቤቱ ግን ባዶውን ተቀምጧል፤ ልጄ «እማ ካልመጣች አልሄድም» አለች። «እማ» የምትላት እናቴን ነው።

ስልክ ገዛሁላት፤ ለእንግዳ እንደሚባለው «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለችኝ። ሹሩባ ልሠራት ስቀመጥ አንገቷ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እናቴ ስትሠራት ግን ጭኗ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤት ብሄድ መምህሯ «ምኗ ነሽ?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት እርሷ «አክስቴ ናት» አለች። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ደግ ይሁን ስህተት እስካሁን አልለየሁትም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። «ይዘሻት ሂጂ፣ ትለምድሻለች» ትለኛለች፤ ይህን ስትል ግን ዓይኔን አታይም። የከፈልኩት ኪራይ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል።

ከረጅም ስደት ተመልሳችሁ ልጅ ያላመዳችሁ እናቶች፣ አያት ያሳደገቻችሁም ልጆች፦ የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ እናቴ ዘንድ አብሬያቸው ብኖር ይሻላል ወይስ ልጄን ይዤ ልውጣ?