ቲመክስ ውስጥ የቪም ቀለም ድራሹ ይጠፋል

ተርሚናሌ (ትእዛዝ የምጽፍበት መስኮት) 24 ቢት ቀለም፣ ማለትም ሚሊዮኖች ቀለማት፣ በደንብ ያወጣል። ከቀይ ወደ ሰማያዊ የሚሸጋገር መስመር ሳወጣበት ልስልስ ብሎ ይታያል። የተርሚናሉን ዓይነት ለፕሮግራሞች የሚነግረው ‹ተርም› (TERM) የሚባለው ተለዋዋጭ ‹ኤክስተርም-256ከለር› ነው። ቲመክስ (tmux፣ አንዱን ተርሚናል ለብዙ መስኮት የሚከፋፍለው ፕሮግራም) ውስጥ ‹ስክሪን-256ከለር› ይሆናል፣ መስመሩም ወፋፍራም ግርፍ እየሆነ አስቸገረኝ። የቲመክስ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ‹ቲሲ› (Tc) የምትባለዋን፣ ተርሚናሉ 24 ቢት ቀለም እንደሚችል የምትናገረዋን ምልክት ጨምሬ፣ ቲመክስን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ስከፍተው ተስተካከለ። (ፋይሉን እንደገና ማስነበብ ብቻውን ምንም አልፈየደም።)

አሁን የቀረኝ ቪም (ተርሚናል ውስጥ የሚሠራው የጽሑፍ ማረሚያ) ነው። 24 ቢት ቀለም እንዲጠቀም የሚያደርገውን ቅንብር፣ ‹ተርምጂዩአይከለርስ›ን (termguicolors) ሳበራው ጽሑፉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ሳጠፋው 256ቱ ቀለማት ይመለሳሉ። ከቲመክስ ውጭ ያው ቪም፣ ያው ፋይል፣ ምንም ችግር የለበትም። ወደ ኒዮቪም (ከቪም ወደ ወጣው ሌላ ማረሚያ) ቀይር እንዳትሉኝ ብቻ። ‹ተርም›ን ሳልነካ ቪም ቲመክስ ውስጥም 24 ቢት ቀለም እንዲልክ የቪም ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ምን ልጻፍ?