የዲሲ አካባቢ ነጂዎች፣ ሃይብሪድ ከመግዛታችሁ በፊት (ጥቆማ)

«የትኛው ሃይብሪድ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ እየተደጋገመ ስለሚመጣ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ሃይብሪድ ማለት የቤንዚን ሞተርና በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚነዱት መኪና ነው። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰዎች ነው። ታክሲና ኡበር የምትነዱም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ለሥራ የምትመላለሱም የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። አዲስ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው «በጋሎን ይህን ያህል ማይል» ውሸት አይደለም። ግን የተለካው በእናንተ መንገድ ላይ አይደለም። ሃይብሪድ ጉልበቱ የሚታየው ከተማ ውስጥ ነው። መብራት ላይ ስትቆሙ ሞተሩ ይጠፋል። ፍሬን ስትይዙ ሌላው መኪና በሙቀት የሚያባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ጆርጂያ አቬኑን በየመብራቱ እየቆመ የሚወጣ ሰው የተጻፈውን ቁጥር ያገኛል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። ሌሊት ከደለስ ኤርፖርት በሰዓት 75 ማይል እየነዳ የሚመለስ ሰው ግን ፍሬን ስለማይነካ የሚመለስለት ኃይል የለም። እሱ ከነፋስ ጋር ነው የሚታገለው።

ብርዱ ደግሞ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ፍጆታ መረጃ እንደሚለው፣ አየሩ ከ77 ዲግሪ ፋራናይት ወደ 20 ሲወርድ ተራ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ሃይብሪድ ከ30 እስከ 34 በመቶ ያጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ስለዚህ ጠፍቶ መቆየት የነበረበት ሞተር እናንተን ለማሞቅ ብሎ ይነሳል። በጋሎን 50 ማይል የነበረው ጃንዋሪ ላይ 38 ሲሆን «ባትሪው አለቀ» ብላችሁ መካኒክ ጋ አትሩጡ። የወንበር ማሞቂያ ካለው እሱን አብሩና ዋናውን ቀንሱት። የጎማ ንፋስም እዩ፤ በብርድ ይቀንሳል።

ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ቁጥር ብዙ አትመኑት፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ጋዝ (ቤንዚን) ስትሞሉ ማይሉን ዜሮ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ስትሞሉ የነዳችሁትን ማይል ለገባው ጋሎን አካፍሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገማችሁት እውነተኛ ቁጥራችሁ ያ ነው። አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ለምታስረዱ፦ በጋሎን 50 ማይል ማለት በሊትር 21 ኪሎሜትር ገደማ ነው።

አሁን ወደ መኪኖቹ።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ከ2018 እስከ 2024 ያለውን ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ ነው፤ ያውም ኤልኢ (LE) የሚባለውን ደረጃ። ይህን ልብ በሉ። ኤልኢ በጋሎን 52 ማይል ተሰጥቶታል። ያው ካምሪ ኤስኢ (SE) ወይም ኤክስኤልኢ (XLE) የሚባለው ደረጃ ሲሆን 46 ነው። ትልቅ ጎማና ቆዳ ወንበር የፈለገ ሰው በየጋሎኑ 6 ማይል ይከፍልበታል። የቶዮታ ፕሪየስም እንደዚሁ ነው፤ የ2023ቱ ኤልኢ 57፣ ኤክስኤልኢው 52። ሻጩ «ሃይብሪድ ነው» ሲላችሁ «የትኛው?» በሉ።

የ2023ቱ ፕሪየስ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ኋላ ያለው ጣሪያ ዝቅ ይላል፤ ረጅም ተሳፋሪ ይማረራል። ለራሱ ለሚነዳ ጥሩ፣ ሰው ለሚጭን ግን ካምሪ ይሻላል።

ከ2010 እስከ 2014 ያለውን ፕሪየስ በርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ ረጋ በሉ። የዚህ ሞዴል ታዋቂ በሽታ ኢጂአር የሚባለው የጭስ መመለሻ መስመር በጥላሸት መደፈኑ ነው። መጨረሻው ሄድ ጋስኬት (የሞተሩን ራስ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያሽገው) መንደድ ይሆናል። ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠና የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ ጥላችሁ ሂዱ። ከ2016 እስከ 2022 ያለው 52 ማይል ነው፤ በእኔ ግምት ተጨማሪውን ዋጋ ያወጣዋል።

ሃዩንዳይ ሶናታ ሃይብሪድና ኪያ ኒሮ መጥፎ አይደሉም፤ ማይላቸውም ከቶዮታ ጋር ይቀራረባል። እኔ ግን ብዙ የሐበሻ መካኒክ እጁ የለመደው ቶዮታ ስለሆነ ወደዚያ አደላለሁ። የቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድ 40 ገደማ ነው፤ በረዶና ቤተሰብ ላለው ሰው ነው።

ሲየና (የቶዮታ የቤተሰብ ቫን) ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ከ2021 ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ ነው የሚመጣው፤ 36 ማይል ነው። ከካምሪ አንፃር ዝቅ ያለ ይመስላል። ግን ሂሳቡን እዩት። የድሮው ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን) ሲየና 22 አካባቢ ነበር። በዓመት 30,000 ማይል የሚነዳ ሰው ከ22 ወደ 36 ሲሄድ 530 ጋሎን ያተርፋል። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ነው ካልን ከ1,800 ዶላር በላይ ነው። ያው ሰው 28 ከሚሰጥ ሰዳን ወደ 48 ቢሄድ የሚያተርፈው 446 ጋሎን ነው። ከ48 ወደ 52 ቢሄድስ? 48 ጋሎን ብቻ። 170 ዶላር የማይሞላ ነገር ነው። ስለዚህ በሁለት ሃይብሪዶች መካከል ላለ የ4 ማይል ልዩነት ሺዎችን አትጨምሩ። በዓመት 8,000 ማይል ብቻ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ አሁን ያላችሁን መኪና ንዱ፤ ካላረጀ በቀር አትለውጡት።

ጥገናን በተመለከተ የብዙ ሰው ጥያቄ «ዲለር (የቶዮታ ወኪል) ወይስ የሐበሻ ጋራዥ?» ነው። ለዘይት፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለጎማ የሐበሻ ጋራዥ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል፣ ቡናም አይጠፋም። ለሃይብሪድ ሲስተሙ ግን ጋራዡ ቴክስትሪም የሚባለው የቶዮታ መመርመሪያ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው በግምት ነው የሚሠራው። ያገለገለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ዲለር ወስዳችሁ የሃይብሪድ ምርመራ አሠሩ፤ ሻጩ እንቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ቤት ድረስ መጥተው ትልቁን የሃይብሪድ ባትሪ የሚቀይሩም አሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ሙሉውን ነው የምትቀይረው ወይስ የሞተውን ክፍል ብቻ?» ባትሪው ብዙ ክፍሎች አሉት፤ ሁሉም እኩል ነው ያረጁት። አንዱን ሲቀይሩላችሁ ጎረቤቱ ይከተላል። እኔ የማውቀው ሰው በዚህ መንገድ በአዲስ ባትሪ ዋጋ አካባቢ ከፍሎ አሮጌ ባትሪ ነው የያዘው።

መኪናው ድንገት አልነሳ ካለ ደግሞ ትልቁን ባትሪ ከመውቀሳችሁ በፊት ትንሿን 12 ቮልት አስለኩ። እሷ ስትደክም ዳሽቦርዱ በመብራት ይሞላል፤ ሰውም በከንቱ ይደነግጣል።

የቶዮታ የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ከዚያ በፊት 8 ዓመት ወይም 100,000 ነበር። ለሁለተኛ ባለቤትም ያልፋል፤ ሳልቬጅ ታይትል (በከባድ ጉዳት ኢንሹራንስ የጣለው መኪና ወረቀት) ላለው ግን አይሠራም።

ኋላ ወንበር አጠገብ ያለችውን የባትሪ አየር ማስገቢያ በጃኬት አትሸፍኑ፤ ማጣሪያዋንም አስጸዱ። አሮጌ ፕሪየስ ውጭ የምታሳድሩ ደግሞ ለካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው) ከሥር የብረት መከላከያ አሠሩ፤ ሌቦች የሚወዱት እሱን ነው።

ለቨርጂኒያ ሰዎች፦ መኪናችሁ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ ከሰጠ ሬጂስትሬሽን ስታድሱ የሃይዌይ መጠቀሚያ ክፍያ ይጨመርባችኋል። ትንሽ ጋዝ ስለምትቀዱ የቀረውን የነዳጅ ታክስ ለማካካስ ነው። ብዙ የማትነዱ ከሆነ በነዳችሁት ማይል ልክ የምትከፍሉበት ፕሮግራም አለ፤ ስታድሱ ዲኤምቪን (መኪና የሚመዘግበውን ቢሮ) ጠይቁ።